ወባ ያልሆነው ደም

ውጫሌ አካባቢ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ ኃላፊዬ ጋሽ ይማም ጣት ወግቶ የደም ጠብታን ስላይድ በምንለው ትንሽ መስታወት ላይ ማስፋት አሳዩኝ። ስላይዱን ቀልመን፣ አጥበንና አድርቀን በማይክሮስኮፕ የምንፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ የወባ ተሐዋሲ። ካጣነው «አልተገኘም» ብለን እንመልሳለን። ብዙ ዓመት እንዲሁ ሠራሁ።

አንድ ጊዜ ደሴ ለሥልጠና ሄድኩ። አሠልጣኙ በደም ካንሰር ያለ ዕድሜያቸው የሚሞቱ ወንዶችን በየአገሩ የሚያነጻጽር ሠንጠረዥ አሳዩን። የእኛ ቁጥር ከአንዳንድ ሀብታም አገሮች ያነሰ ነበር። ደስ ብሎኝ እጄን አወጣሁና የእኛ ወንዶች ደም ጠንካራ ሆኖ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩ።

አሠልጣኙ አልሳቁብኝም። «እህቴ፣ ሳይመረመር የሞተ ሰው በምን ሞተ ተብሎ ይቆጠራል?» አሉኝ።

ከሐይቅ ይመጣ የነበረ አንድ ዓሣ አጥማጅ ትዝ አለኝ። ሆዱ በግራ በኩል፣ ጣፊያው ባለበት፣ አብጦ ሳለ ደጋግሜ «አልተገኘም» ብዬ መልሼዋለሁ። በኋላ ወንድሙ ወባ እንደገደለው ነገረኝ፤ እኔ ግን ደሙ ውስጥ ወባ አላገኘሁም ነበር።

ከሥልጠናው ስመለስ ወባ ያጣሁበትን ስላይድ እንደገና ለነጭ የደም ሴሎቹ ማየት ጀመርኩ፤ ከልክ በላይ መብዛታቸው የደም ካንሰር ምልክት ሊሆን ይችላል። ወረፋው ረዘመ። ጋሽ ይማም ሊቆጡኝ መጥተው ምክንያቴን ሰሙ። ከማግስቱ ጀምሮ ቀድመውኝ እየገቡ ስላይድ ይቀልሙልኝ ነበር።

በዓመቱ አሊ የሚባል ገበሬ ከሚስቱ ከዘይነባ ጋር መጣ። አርባ አልሞላውም፤ ከስቶ ሱሪውን በገመድ አስሯል። የወባ መድኃኒት ሦስት ጊዜ ውጦ አልተሻለውም። ስላይዱን ሳይ ነጭ ሴል ብቻ ሆነብኝ። ተረኛው ጤና መኮንን በእኛ ማይክሮስኮፕ በሽታው ይህ ነው ብሎ መናገር እንደማይቻል፣ ብንሳሳት ሰውየውን በከንቱ እንደምናንከራትት ነገረኝ። እውነቱን ነበር፤ እኔም ፈርቼ ነበር።

ጋሽ ይማም ጎንበስ ብለው አዩና፣ «ያየሽውን ጻፊ። የበሽታውን ስም ደሴ ያሉት ያውጡለት» አሉኝ።

ነጭ የደም ሴሉ እጅግ መብዛቱን ጻፍኩ፤ ጤና መኮንኑም ወደ ደሴ ላከው።

ዘይነባ ወረቀቱን ተቀብላ፣ «ሐኪሟ፣ በሕይወት ይዤው የምመለስ ይመስልሻል?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት።

ከደሴ አዲስ አበባ ተላከ። የደም ካንሰር ነበር፤ ደግነቱ በየቀኑ በሚዋጥ ክኒን ከሚገታው ዓይነት ሆነ። ከወራት በኋላ በገበያ ቀን ሁለቱም መጡ። አሊ ማሽላውን ራሱ አጭዶ መክረሙን ነገረኝ። ዘይነባ እጄን ይዛ፣ «አላህ ዓይንሽን ይጠብቅልሽ» አለችኝ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ተመርቄያለሁ፤ እንደዚያ ልቤ የገባ ምርቃት የለም።

ዘንድሮ ጡረታ ወጣሁ። ጋሽ ይማምንና አሠልጣኙን ሁልጊዜ አመሰግናለሁ። በቦታዬ ለተተኩት የምነግራቸው ይህን ነው፤ የታዘዘው ምርመራ ምንም ሳያሳይ ሰውየው ካልተሻለው፣ ሥራው አላለቀም።