የፖም ኬክና የተዘጋ በር

እኛ ቤት የፖም ኬክ የሚጋገረው በር ተዘግቶ ነው። «ሊጥ ዓይን አይወድም» ትላለች እማዬ። ግቢያችን ከፒያሳ ወደ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሲወረድ ነው፤ ማድ ቤታችን ጠባብ፣ መስኮቷም የጎረቤት ግድግዳ እንጂ ሌላ የማታሳይ። በክረምት፣ ውጭ ዝናብ፣ ውስጥ የኦቭን ሙቀት፣ በሩ ጥርቅም። መታፈን ምን እንደሆነ እኔን ጠይቁኝ።

አሠራሩን እማዬ ከእናቷ፣ እናቷ ደግሞ ከአንዲት አርመናዊት ጎረቤታቸው ነው የተማሩት። ልኩ የሻይ ብርጭቆ ነው፤ ሚዛን የሚባል ነገር የለም። እንቁላሉና ስኳሩ ነጭ እስኪሆን ይመታል፣ ቅቤና የፉርኖ ዱቄት ይገባል፣ ከላይ በስሱ የተቆረጠ ፖም ይደረደርና ቀረፋ ይነሰነስበታል። ይኸው ነው እንግዲህ! የእማዬ እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ የምጋግረው እኔ ነኝ። ለበዓል እኔ፣ ለክርስትና እኔ፣ ለምርቃት እኔ። የበላ ሁሉ «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው» ይለኛል። አንዳንዴ በሆዴ፣ ቢነካው ምናለበት እላለሁ። ማርያምን፣ የእውነቴን ነው።

ነሐሴ ላይ፣ ፍልሰታ እንደተፈታ፣ መሥሪያ ቤቴ ሐዋሳ እንድዛወር ፈቀደልኝ። ስንት ዘመን የለመንኩት ነገር! አለቃዬ «እስከ ሰኞ ቁርጡን አሳውቂኝ» አሉኝ። እማዬ ብቻዋን እንዳትቀር ወንድሜና ሚስቱ የኪራይ ቤታቸውን ለቀው ሊገቡላት ተስማሙ። እማዬ ግን «እኔ በሰው እጅ አልበላም» ብላ ድርቅ አለች። የኔ መሄድ አለመሄድ እዚህች ላይ ተንጠለጠለ።

ቅዳሜ የማርያም ማኅበር ተረኞች እኛ ነበርን። እማዬ ሥላሴ ልትሳለም ስትወጣ የወንድሜን ሚስት ጠራኋትና በሩን ዘጋን። እኔ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ቆምኩ፤ እንቁላሉን የመታችው እሷ፣ ፖሙንም የደረደረችው እሷ።

«እማማ ያውቁብኛል፣ ፈራሁ» አለችኝ።

«ብታውቅ ምን ይመጣል? ዝም ብለሽ ምቺ!» አልኳት።

ማኅበርተኞቹ ገቡ፣ ጸሎቱ ደረሰ፣ ኬኩ ተቆረጠ። እማዬ ጎረሰችና ዓይኗን ጨፈን አድርጋ፣ «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው፣ ልጄ» አለችኝ በሰው ሁሉ ፊት። ደስታዬን የት ላድርገው!

«እማዬ፣ እኔ አይደለሁም የጋገርኩት! እሷ ናት!»

ሳህኑን ፈቀቅ አደረገችው። «እኔስ ቅርንፉዱ በዛ ብዬ ነበር» አለች።

ቅርንፉድ እኮ አልገባበትም! ሴቶቹ ሳቁ። የወንድሜ ሚስት አቀርቅራ ነጠላዋን አነሳች። በዝናብ እየሮጥኩ የግቢው በር ላይ ደረስኩባት። «እኔ ልግባ ብል እሳቸው አይቀበሉኝም፤ የኪራይ ቤቴ ይሻለኛል» ብላኝ ሄደች።

ሰው ሲበተን ማድ ቤት ገባሁ። እማዬ በሩን ዘግታ፣ የተረፈውን ኬክ ከመጋገሪያው ላይ እየቆነጠረች ትበላለች።

«ቅርንፉዱ በዛ አላልሽም እንዴ?»

«ጥሩ ነው» አለች ቀና ሳትል። «ከአንቺም ይበልጣል።»

«ታዲያ ምን አድርጋሽ ነው እንደዚያ ያሳፈርሻት?»

«ጥሩ ነው ካልኩ ትሄጂያለሻ።»

ልጮህባት አፌን ከፈትኩ። ተናድጄ ነበር፣ በጣም ተናድጄ ነበር። እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ፍርፋሪው ቀሚሷ ላይ ይረግፋል። ጎንበስ ብዬ አራገፍኩላት።

ሰኞ ለአለቃዬ «ይቅርብኝ» አልኳቸው። እማዬ ልሂድ ልቅር፣ ምን እንደመለስኩ፣ አልጠየቀችኝም። እራት ላይ ብቻ፣ «ለእንቁጣጣሽ ፖሙን ቀደም ብለሽ ግዢ፤ ኋላ ይጠፋል» አለችኝ።

«እሺ» አልኳት።