ባለቤት የማያውቅ ዲስክ

ሐረር፣ ጀጎል ግንብ ኤረር በር አጠገብ ከታላቅ ወንድሜ ጋር የሠርግ ቪዲዮ ቤት ነበረን። እሱ የወንዶቹን ድግስ ይቀርጻል፣ እኔ የሴቶቹን። በጀጎል ሠርግ ሴቶቹ ለብቻቸው ሲጨፍሩ ሻሻቸውን ያወልቃሉ፤ ወንድ ዝር አይልም። እናቶቹ እኔን የሚያስገቡኝ "ወንድ እንዳያየው፣ አደራ" ብለው ነው።

ኮምፒውተራችን ግን አንድ ነው። እኔም፣ ወንድሜም፣ የቀጠርነው ኤዲተርም እንጋራዋለን። ዲስኩ ሲዘጋጅ የፋይል አያያዙ ኤንቲኤፍኤስ የሚባለው ይሁን አልኩ፤ በእሱ ፎልደርን ለባለቤቱ ብቻ መቆለፍ ይቻላል። ወንድሜ እምቢ አለ። ካሴት ወደ ኮምፒውተሩ የምንገለብጥበት ካርድ በአሮጌው ዊንዶውስ ብቻ ይሠራል፣ አሮጌው ዊንዶውስ ደግሞ ፋት የሚባለው የድሮ አያያዝ ካልሆነ ዲስኩን አያነብም። "የየራሳችን ፓስወርድ አለን አይደል?" አለኝ። ፓስወርዱ የሚጠብቀው መግቢያውን ነው፤ አንዴ በራሱ ስም የገባ ሰው ፋት ላይ የማንንም ፋይል ይከፍታል። ጮኼ ተናገርኩ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ለወንድሜ የሴት ጭቅጭቅ ነበር።

ኤዲተሩ በራሱ ፓስወርድ ገብቶ የአንዲት ሙሽራ ጭፈራ ከፎልደሬ ከፍቶ አየ። አይቶም ዝም አላለም፤ ጫት ላይ ተቀምጦ ስለ ፀጉሯ አወራ።

የሙሽራዋ ወንድም በጠራራ ፀሐይ የብረት ዘንግ ይዞ መጣ። ኤዲተሩ ጠፍቷል፤ ያገኘው ወንድሜን ነው።

"እህቴን ለስንቱ አሳየሃት?" አለና ግንባሩን ተረተረው። ደሙ ኪቦርዱ ላይ ፈሰሰ።

"ወላሂ እኔ አላየሁም!" እያለ ወንድሜ ይምላል፣ ሰውየው በብረቱ ይደግመዋል። ዘልዬ እጁን ነከስኩት። እስኪደማ ነው የነከስኩት፣ ዛሬም አይቆጨኝም። በእርግጫ ከግድግዳው ጋር አላተመኝና ብረቱን ወንድሜ አንገት ላይ አድርጎ "አጥፊው!" አለኝ። ዲስኩን ፎርማት አድርጌ ያለበትን ሁሉ አጠፋሁ። ዋናውን ካሴት ተቀብሎኝ በጫማው ጨፈለቀው።

የወንድሜ ስፌት ሳይደርቅ ሙሽራዋ ራሷ መጣች። ሂናው ከእጇ አልለቀቀም፣ ባሏ ግን ፈቷታል። አንድ ዓይኗ አብጦ ተዘግቷል።

"ቪዲዮው አለ?" አለችኝ።

"ወንድምሽ አስጠፋኝ።"

"ካሴቱስ?"

"እሱንም ሰባበረው።"

ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

"ሐረር ሁሉ አየው ይላሉ" አለች። "እኔ እኮ አላየሁትም። ያን ቀን ምን እመስል እንደነበር አንዴ እንኳ ማየት ፈልጌ ነበር።"