የአባቴ ግራ ዓይን

የሥዕል ትምህርት ቤቱ ለክረምት ሲዘጋ መምህራችን የሰጡን የቤት ሥራ ቀላል ይመስል ነበር። ዓመቱን ሙሉ ከጂፕሰም የተሠሩ የሮማውያን ራሶች ስንሥል ከርመናል። አሁን ደግሞ እያንዳንዳችን ወደ ተወለድንበት አገር ሄደን የአንድ ሽማግሌ ፊት በከሰል ሥለን እንድንመለስ ታዘዝን።

"ከጎን!" አሉ መምህሩ፣ ጣታቸውን ከግንባራቸው እስከ አገጫቸው እያወረዱ። "ከፊት ለፊት የሣለ ይዞት እንዳይመጣ። ፕሮፊል የሌለው አራተኛ ዓመት አይገባም።"

እሳቸው አንዴ ካሉ ካሉ ነው።

አዲስ አበባ ቢሆን ምንም አልነበረም። እዚያ ከቴአትር ቤቱ ደጅ ቆሞ ያለፈ ያገደመውን መሣል ይቻላል፤ የከተማ ሰው ቸኩሎ ስለሚያልፍ እንዲያውም የሚታየው ጎኑ ብቻ ነው። እኔ ግን የቢቸና ልጅ ነኝ። በዚያ ላይ የማላውቀውን ሰው ሰዓት መጠየቅ እንኳ የሚያልበኝ ዓይን አፋር ነኝ። ስለዚህ ብዙ ሳላስብ አባቴን መረጥኩ።

አባቴ የቅኔ መምህር ናቸው፤ አገሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። ዘመድ አዝማድ "ሴት ልጅ ሥዕል ተምራ ምን ልትሆን ነው?" ሲል ተከራክረው የላኩኝ እሳቸው ናቸው። እንዲሣሉ ስጠይቃቸው ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም። ጥምጣማቸውን ሁለት ጊዜ ፈትተው ጠመጠሙ፤ መደቡ ላይ ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

"ወደ በሩ ይመልከቱ፣ አባባ።"

"አንቺን አላይም?"

"በሩን ይዩልኝ።"

እስኪያልቅ ድረስ ንቅንቅ አላሉም። ሥዕሉም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥሩ ወጣ። ወረቀቱን ተቀብለው አዩት። ገለበጡት። መልሰው አዩት።

"ግራ ዓይኔስ?"

"በወዲያ በኩል ነው። ከተቀመጥኩበት ስለማይታይ ነው፣ አባባ።"

"ስትሥይኝ ግራ ዓይን አልነበረኝም?"

"ነበረዎት።"

"ታዲያ ማን ወሰደው?"

ያን ጊዜ ገባኝ። በእኛ አገር ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቃን ሁሉ ፊታቸውን ወደ ሰው መልሰው፣ ሁለት ዓይናቸውን አፍጥጠው ነው የሚሣሉት። ባንድ ዓይን፣ በጎን የሚሣለው ሰይጣን ነው፤ ይሁዳ ነው፤ ጌታን የገረፉት ወታደሮች ናቸው። ይህን ያልተማረ ሕፃን እንኳ ያውቃል። እኔ ደግሞ የየኔታ ልጅ ሆኜ ሳለ አባቴን ከይሁዳ ጎን አስቀመጥኳቸው።

"የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስስ ባንድ ዓይን አይደለም እንዴ የተሣለው?" ብዬ ተከራከርኩ።

"ፈረሱ ለፍርድ አይቆምም" አሉ። "እኔ እቆማለሁ።"

ወረቀቱን አጥፈው እሳት ውስጥ ጨመሩት።

እናቴ ልታስታርቀን ፈልጋ፣ "ምናለ ሁለተኛውን ዓይን ጨምረሽበት ብትገላገይ?" አለች።

"ከጎን ለሚታይ ሰው?"

"እና ምን አለበት? ቦታ ሞልቷል እኮ።"

በሳምንቱ ወሬው ቢቸናን አዳረሰ። የየኔታ ልጅ አዲስ አበባ ሄዳ የሰው ዓይን ማውጣት ተምራ መጣች ተባለ። ጎረቤቶቻችን ሳልፍ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ ያደርጋሉ። እኔ የያዝኩት ከሰል ነው እንጂ ጉጠት አይደለም፤ ግን ለማን ይነገራል?

ሞጣ ገበያ ዳር ጠላ ቤት ያላት አክስቴ አለች። የአባቴ እኅት ብትሆንም በነገር ሁሉ የእሳቸው ተቃራኒ ናት። ጨው በጫነ መኪና፣ ጭቃ ላይ በየመንገዱ እየቆምን፣ ወደ እርሷ ሄድኩ።

"እዚህ መምጣት ነበረብሽ ከመጀመሪያው!" አለች። "ቢቸና ምን ሰው አለና! ሞጣ የሞላው ሽማግሌ ነው።"

እውነትም ወዲያው አንድ ሽማግሌ አመጣችልኝ፤ የሚከፈላቸው በጠላ ነው። አፍንጫቸው እንደ ንስር ነው፤ መምህሬ ቢያዩት ያለቅሱ ነበር። ችግሩ ሽማግሌው አንድ መስመር ሳልጨርስ ወደ እኔ ይዞራሉ።

"ወደ ግድግዳው፣ አባቴ።"

"ግድግዳው ምን ጨዋታ ያውቃል? እየተጫወትን ሣዪኝ እንጂ።"

"እባክዎ፣ ትንሽ ብቻ።"

አዞርኳቸው። ተመልሰው ዞሩ። ደግሜ አዞርኳቸው። ጥግ ላይ የተቀመጠ ሌላ ጠጪ ከበስተኋላዬ መጥቶ ወረቀቱን ተመለከተና ሳቁን ለቀቀው።

"ኧረ አያ፣ ከሰቀሉት ጋር ደባልቃሃለች!"

"ምን?"

"ባንድ ዓይን ነሃ! ጅራፍ ብቻ ነው የቀረህ!"

ሽማግሌው ተነሡ። ዋንጫቸውን ጨለጡና ወጡ፤ ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሏቸው። አክስቴ ባዶውን ቤት አየች፤ እኔን አየች።

"ሄደሽ አህያዬን ሣያት" አለችኝ። "እርሷ ቅር አይላትም።"

ንዴቴ ስላላለቀ ሄጄ ሣልኳት። ከጎን፣ ፍጹም የሆነ ፕሮፊል። ጆሮዋን እንኳ አላወዛወዘችም። ክረምቱን ሙሉ የሠራሁት የተሳካ ሥራ እርሱ ብቻ ነበር፤ አራተኛ ዓመት ግን በአህያ አይገባም።

የፍልሰታ ጾም እንደተፈታ አባቴ በበቅሎ ሞጣ መጡ፣ ሊወስዱኝ። አክስቴ ገና ውኃ ሳይቀርብላቸው ጀመረች።

"ወንድሜ፣ ልጅቷን ምን አድርጊ ነው የምትላት? ትምህርቷ ሊቀር ነው እኮ ባንተ ዓይን የተነሣ!"

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። "እውነት ይቀራል?"

"ይቀራል፣ አባባ።"

"ላንድ ዓይን?"

"ላንድ ዓይን።"

መደቡ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ንጹሕ ወረቀት እንዳመጣላቸው ጠየቁና ወደ በሩ ብርሃን አንሥተው መረመሩት።

"ጀርባውም ይሣልበታል?"

"ይሣልበታል፤ ግን..."

"እንግዲያ በዚህኛው ፊት ቀኜን ሣዪ። በዚያኛው ግራዬን። አንድ ወረቀት ሁለቱንም ከያዘ እኔ ሙሉ ነኝ።"

ከሰል በወረቀት ጀርባና ፊት መሣል ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳቸው ሞከርኩ። አንዱን ፊት ስሠራ ሌላው በጠረጴዛው ይታሻል፤ ይጠፋል። ሰሙኝና፣ "አንቺ ነሽ የተማርሽው" አሉ፤ ነገሩም በዚሁ አለቀ። ከሥዕል ትምህርት ቤቱም፣ ከአባቴም፣ ከራሴም ጋር ተጣልቼ ሳበቃ የአክስቴን አሮጌ ወንፊት መረቡን ገንጥዬ ጣልኩት። ወረቀቱን ክፈፉ ላይ በክር ወጠርኩና ምንም ሳላስነካ፣ አየር ላይ እንዳለ ሠራሁት። መጀመሪያ ቀኙን፣ ቀጥሎ ግራውን። አባቴ ሁለቱንም አዩ።

"ግራው እንዳይጠፋ" አሉ።

"አይጠፋም።"

አዲስ አበባ ስመለስ የሁላችንም ሥራ ለምዘና ካርቶን ላይ መለጠፍ ነበረበት። መምህሩ የእኔ ዘንድ ደርሰው ቆሙ። አፍንጫውን በጣታቸው ተከተሉት።

"ይህ ነው! ይህን ነው ያልኳችሁ!" አሉና የሙጫውን ብሩሽ አነሡ።

"አይለጠፍም" አልኩ።

በሦስት ዓመት ውስጥ ሳልጠየቅ ስናገራቸው ይህ የመጀመሪያዬ ነበር። ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

"ምን አልሽ?"

"ጀርባው ላይ ግራ ዓይናቸው አለ።"

ገለበጡት። "ሁለት ሥራ ማን አዘዘሽ?"

"አንድ ነው፣ መምህር። አንድ ሰው ነው።"

"ያልተለጠፈ አይመዘንም።"

"እንግዲያው አይመዘን" አልኩና ወረቀቱን በሁለት እጄ ያዝኩት።

መምህሩ ያን አፍንጫ እንደገና አዩት። ምላጭ አስመጡና እያጉረመረሙ የካርቶኑን መሃል ቆርጠው አወጡት፤ ዳር ዳሩ እንደ መስኮት ቀረ። ወረቀቱን በጠርዙ ብቻ አስያዙት። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ነጥብ ሊሰጡ እርሳሳቸውን አወጡ። ነጥብ የሚጻፈው ሁልጊዜ በጀርባ ነው። ገለበጡት፤ አባቴ አሉ። መልሰው ገለበጡት፤ አሁንም አባቴ።

"ልጄ፣" አሉ በመጨረሻ፣ "የዚህ ነገር ጀርባው የቱ ነው?"

አላውቅም አልኳቸው። ካርቶኑ ላይ፣ ጥግ፣ በትንንሹ "አልፋለች" ብለው ጻፉ።