ቁልፉ ጋርዴና ነው

እትዬ ሣህሊቱ አዳራሹ ውስጥ የጠረጴዛ ልብስ በመዳፋቸው እያቃኑ ያነጥፉ ነበር። ሦስት የሎስ አንጀለስ አካባቢ እድሮች፣ የፌርፋክስ፣ የጋርዴናና የፓሳዴና፣ ከሁለት ወር በፊት ሲዋሃዱ፣ ከማንም አይጣሉም ተብሎ ሊቀመንበር የተደረጉት እሳቸው ናቸው። የእድሩ አባል የዓለምሰገድ እናት ተቀብረው ለቀስተኛው ሊደርስ አንድ ሰዓት ብቻ ቀርቶታል፤ የእድሩ ወንበሮች ግን ጋርዴና መጋዘን ውስጥ ተቆልፎባቸዋል።

ለጋርዴናው ሰብሳቢ ደወሉ።

«ጋሼ ሰይፈሥላሴ፣ እባክዎ ወንበሮቹን ይላኩልን።»

«ማኅተሙ እርስዎ ጋ፣ ቁልፉ እኛ ጋ ነው፣ እትዬ። አባሎቻችን ሳይመክሩበት አንድም አይወጣም!»

ለዜግነት ፈተና የምታጠናው ልጃቸው ፀዲ ሳቀች።

«እማዬ፣ ልክ እንደ አሜሪካ የመጀመሪያው መንግሥት ሆንሽ እኮ! እሱም ስቴቶቹን ይለምናል እንጂ አያዝም ነበር።»

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

«አዲስ ሕገ መንግሥት ጻፉ። ያውም ከስንት ዓመት ችግር በኋላ!»

«እኔ ያለኝ ሃምሳ ደቂቃ ነው» አሉና ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

በፌርፋክስ ጎዳና ግራና ቀኝ በየምግብ ቤቱ፣ በየፀጉር ቤቱ እየገቡ፣ አንገታቸውን ደፍተው ወንበር ለመኑ። ዓለምሰገድ ከመኪና ሲወርድ የመጨረሻው ወንበር ገና እየተዘረጋ ነበር።

ለሊቀመንበሩ የማዘዝ ሥልጣን የሚሰጠውን አዲስ ደንብ ያን ቀን ለፓሳዴናው ሰብሳቢ ወስደው ሊያስፈርሙ ነበር፤ ወንበር ሲለምኑ ጊዜው አልፎ ቦርሳቸው ውስጥ እንደታጠፈ ቀረ።