በሁዳዴ የጠበስኩት ጉበት

ከእኛ በታች ይኖሩ የነበሩት ፈረንጅ ሽማግሌ ማንበብ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ይህን ያስቀደምኩት ውለታ ለመቁጠር አይደለም፤ ውለታ ቆጣሪ አልወድም። በዚያ ዓመት በሁዳዴ መሀል ቅቤ አንጥሬ ጉበት የጠበስኩት ለምን እንደሆነ ሰው እንዲገባው ብዬ ነው።

ወደ ኤርፖርት የሚሄደው ባቡር ገና አልተሠራም ነበር፤ ስልካችንም የሚታጠፍ ነበር። የምንኖረው በሰው አገር፣ አሮጌው ኦሮራ በሚባል ሰፈር፣ ከኮልፋክስ ጎዳና ትንሽ ገባ ብሎ ባለ ፎቅ ላይ ነው። እኔ ታክሲ እነዳለሁ። ከዚያ በፊት ግን ኤርፖርት ውስጥ ዊልቸር እገፋ ነበር፣ አንዲት ፊደል ሳላውቅ። የመሳፈሪያ በሮቹን የምለያቸው በሚሸተው ምግብ ነው። አንድ ቀን የፒዛው ሱቅ ለካ ቦታ ቀይሯል፤ እኔ ሽታውን ተከትዬ አንዲት አሮጊት የማይሆን በር ላይ አስቀመጥኳቸው። አውሮፕላናቸው ትቷቸው ሄደ።

ይህን ለሽማግሌው ስነግራቸው ከሳቃቸው የተነሣ ግድግዳ ያዙ። ዕድሜ ልካቸውን በኮልፋክስ ላይ የከተማ አውቶቡስ የነዱ ሰው ናቸው። በማግስቱ ይዘውኝ ወጡና እዚያው ጎዳና ላይ ታፔላ በታፔላ አስነበቡኝ። መጽሐፍ የለ፣ ክፍል የለ። በሕይወቴ መጀመሪያ ያነበብኩት ቃል «ሊከር» ነው። ሁለተኛው «ሞቴል» ነው። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ፣ «የፈረንጅ መጠጥ ቤት እያነበብክ የገዛ ስምህን ሳትጽፍ አትሞትም» ብላ ሀሁን አስቆጠረችኝ። አርባ ዓመት አልፎኝ ነበር። ሽማግሌው ከዚያ ወዲህ «ፕሮፌሰር» እያሉ ነው የሚጠሩኝ። ሌላ ሰው ቢለኝ እጣላው ነበር።

ቅጠል በሚረግፍበት ወራት ሚስታቸው ሞቱ። ሽማግሌው ሆስፒታሉ በር ላይ አወረዷቸውና መኪናውን ፓርክ ሊያደርጉ ሄዱ። ቦታ አጡ። ዞሩ፣ ዞሩ። ሲመለሱ በሕይወት አልደረሱባቸውም። ከዚያን ቀን ወዲህ መሪ አልጨበጡም። የትም ሲሄዱ እኔ ነኝ የምወስዳቸው፤ በር ላይ ባወርዳቸውም አይገቡም። ፓርክ አድርጌ እስክመጣ በበረዶም ቢሆን ቆመው ይጠብቁኛል።

ለራሳቸው ማብሰል ስለተዉ ባለቤቴ ምግብ ታወርድላቸው ጀመር። ምሳቸውም እራታቸውም የእኛ ድስት ሆነ።

የሟች ሚስታቸው ጓደኛ የሆነች አንዲት ሴት አለች፣ ሴንቴኒያል ከተማ የምትኖር፣ የሆስፒታል ሥራዋን የተወች ነርስ። ሐዘን የጠናበት ሰው ያንን ሌላ ዓለም ያሳያል የሚባለውን እንጉዳይ ሲወስድ አብራው ትቀመጣለች። ሕግ አይፈቅደውም። እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች። ሽማግሌው እንድትቀመጥላቸው ደጋግመው ለመኗት። «ፓርኪንጉ ውስጥ ቀርቻለሁ፤ አንዴ ተመልሼ ገብቼ ልውጣ» ነው የሚሉት።

እኔ ሳቅኩባቸው። «እኛ ሐዘን የምናወጣው አልቅሰን ነው፣ በእንጉዳይ አይደለም» አልኳቸው።

«እስቲ አልቅስ፣ ፕሮፌሰር፣ ልይህ» አሉኝ።

ሥራ አለብኝ ብዬ ወጣሁ።

ነርሷ በሁዳዴ አጋማሽ ልታያቸው መጣች። ምሳቸውን ይዤ የወረድኩት እኔ ስለነበርኩ እዚያው ቁጭ አልኩ። ሽማግሌው የውሃ ጠርሙሳቸውን እንደ ሕፃን ታቅፈዋል።

«አፍዎ ይደርቃል?» አለቻቸው።

«ጠርሙሱን አታዪም?»

«ሆድዎስ?»

«ሥራ አቁሟል። አድማ ላይ ነው።»

«ጋዜጣ ያነባሉ?»

«ጽሑፉ ይደበዝዝብኛል።»

«የሚጠፋብዎት ቃል አለ?»

ፈገግ አሉ። «ነበረ። የትኛው እንደሆነ ነው የጠፋኝ።»

እኔ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። «ሐዘን አለ፣ ጭጋግም አለ፤ ለይቼ ሳላውቅ አልቀመጥም» አለች። «የማያሳዝን ታሪክ ይንገሩኝ። ይህን ሰውዬ ማንበብ እንዴት አስተማሩት?»

ሽማግሌው ይህን ታሪክ ለመንገር ተለምነው አያውቁም፤ ሳይጠየቁ ነው የሚናገሩት። ደስ ብሏቸው ጀመሩ። ኤርፖርቱን አሉ፣ ዊልቸሩን አሉ፣ «ከዚያ አሮጊቷን ይዞ... ይዟት...» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። ላቀብላቸው አፌን ስከፍት ነርሷ በእጇ ከለከለችኝ። ሽማግሌው ጠርሙሱን አዩ፣ እኔን አዩ። «አሮጊቷ ማናት?» አሉኝ።

እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ፈራሁ። ሚስታቸውን አጥተዋል፤ እኔን ያስተማረኝ አንደበት ደግሞ ዓይኔ እያየ ሊሄድ ነው።

ነርሷ ፈቃድ ጠይቃ መታጠቢያ ቤት ገባችና አንድ ብልቃጥ ይዛ ወጣች። ከሱፐርማርኬት መደርደሪያ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ የእንቅልፍ ኪኒን ነው። ሚስታቸው ከሞቱ ጀምሮ በየማታው ይወስዳሉ።

እኔም እንዲገባኝ አድርጋ አስረዳች። አንጎል ውስጥ ትዝታ ፈልጎ ቃል ይዞ የሚመጣ መልእክተኛ አለ፤ ስሙ አሴቲልኮሊን ነው። ይህን የመሰለ ኪኒን እንቅልፍ ሲያመጣ ለመልእክተኛው በር ይዘጋበታል። አፍ መድረቁ፣ ሆድ መቆሙ፣ ዓይን መደብዘዙ፣ ቃል መጥፋቱ ከዚያ ሊሆን ይችላል። «ሐኪማቸው ይያቸው» አለች። ቀጥላ፣ «ምንድነው የሚበሉት?»

እኔ ኮራ ብዬ መለስኩ። «እኛ ነን የምናበላቸው። ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ጎመን።»

«እንቁላልስ? ወተትስ? ዓሣ፣ ጉበት?»

ያኔ ነው የበራልኝ። ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ ሽማግሌውን አስጹመናቸዋል።

«መልእክተኛው የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ በብዛት የሚገኘው እነሱ ውስጥ ነው» አለች ነርሷ። «ዋናው ጣጣ ኪኒኑ ይመስለኛል፤ ግን ምግቡንም አስተካክሉ። ከፋሲካ በኋላ እመለሳለሁ። ያንን ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከነገሩኝ አብሬያቸው እቀመጣለሁ። አለዚያ ጭጋግ ላይ ጭጋግ አልጨምርም።»

በዚያው ሳምንት ሐኪማቸው ዘንድ ወሰድኳቸው። እንደ ልማዳቸው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ሐኪሙም ኪኒኑን ቀስ በቀስ አስተዋቸው። የቀረው ምግቡ ነው።

«አስጾምናቸው?» አለች ባለቤቴ። እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ቀጥሎ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «እኚህ ሰውዬ ምነው አንድ ቀን እንኳ እንቁላል አላሉ እል ነበር እኮ። ይሉኝታ ይዟቸው ነው።»

«ፈረንጅ ደግሞ ምን ይሉኝታ አለው?»

«እኚህ አላቸው።»

«እንግዲያው ነገ ጉበት ጥበሺላቸው።»

«በሁዳዴ? በእኔ ድስት?»

«የነፍስ አባትሽን ጠይቂ።»

ደወለች። ስልኩን ከጆሮዋ ራቅ አድርጋ ስትሰማ እሳቸው ሲቆጧት ለእኔም ተሰማኝ። «የታመመ ሰው አይጾምም። ደግሞስ እኚህን ሰውዬ ማን ጹሙ አላቸው?» ስልኩን ዘጋችና፣ «ተፈቅዷል» አለችኝ። «ግን እጄ ቅቤ አይነካም። አንተ አትጾምም፤ አንተ ጥበስ።»

«እኔ ጠብሼ አላውቅም።»

«ማንበብም አታውቅም ነበር።»

ኮልፋክስ ላይ ካሉት የሜክሲኮዎች ሥጋ ቤት ጉበት ገዛሁ፣ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት መጥበሻ አመጣሁና በሽማግሌው ማድቤት ውስጥ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቀን ጉበቴ ጠቁሮ ተኮማተረ። ሽማግሌው በሹካ ወጉት፤ ሹካው ተመለሰ።

«ፕሮፌሰር፣ ይህን ጎማ ከየትኛው አውቶቡስ ነው የፈታኸው?»

«ዝም ብለው ይብሉ።»

በሉት። ይሉኝታ አላቸው ብላ የለ ባለቤቴ።

በማግስቱ ቅቤ ጨመርኩበት። ያው የቅቤ ነገር፣ ሽታው ደረጃውን ይዞ ወጣ። ወዲያው በሩ ተንኳኳ። ከላይኛው ፎቅ ያለችው የአገራችን ሴት ናት፣ ሁዳዴን ከቅዳሴ ጋር የምትይዝ፣ ነጠላዋን እንዳጣፋች።

«ማነው በሁዳዴ ቅቤ የሚያቁላላው?»

«እኔ ነኝ።»

«አንተ መሆንህንማ ደረጃው ላይ አውቄያለሁ። ሰይጣን እንኳ በሁዳዴ እንዲህ በሩን ከፍቶ አይጠብስም።»

«ለሽማግሌው ነው፤ ታመዋል። ግቢና እዪ።»

ገባች። ሽማግሌው ናፕኪን አንገታቸው ላይ አስረው ሹካ ይዘው ተቀምጠዋል። እጅ ነሷት። እሷም አጸፋውን መለሰችና በእግር ጣቷ ቆማ መጥበሻውን አየች።

«ሽንኩርቱ አልበሰለም» አለችኝ። «ወዲህ በለው ማማሰያውን... ኧረ ጾመኛ ነኝ፣ አልነካም። እሳቱን ዝቅ። እንደሱ አይደለም። ቃሪያውን መጨረሻ ላይ። ምን ያስቸኩልሃል፣ ተሳፋሪ ቆሞብሃል?»

እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ከምድጃው ራቅ ብላ እንደ ሻለቃ አዘዘችኝ። ያን ቀን ሽማግሌው ሳህኑን በዳቦ ጠረጉት። በሚቀጥለው ጠዋት በራቸው ላይ በሳህን ክዳን የተሸፈነ የተቀቀለ እንቁላል አገኘሁ። ከላይ ከመስኮት፣ «ለሳቸው ነው፤ አንዱን ብትነካ እግዜር ይይህ» የሚል ድምፅ መጣ። አንዱን በላሁት። እግዜርም ያየኝ አይመስለኝም።

እንዲህ እንዲህ እያልን ሰነበትን። ባለቤቴ ሳትነካ ታዛለች፣ የላይኛዋ ሳትነካ ታርማለች፣ እኔ እጠብሳለሁ፣ ሽማግሌው ይበላሉ፤ የሁላችንንም ጭቅጭቅ እንደ ሬዲዮ ያዳምጣሉ። ያን ያህል ሰው በአንድ ማድቤት ሲስቅ ሰምቼ አላውቅም ነበር። አንድ ቀን የውሃ ጠርሙሳቸውን እኛ ቤት ረስተውት ሄዱ። አልተመለሱለትም። ሌላ ቀን ታክሲው ውስጥ ከኋላ ሆነው፣ «ፕሮፌሰር፣ እዚያ ላይ ወደ ግራ መታጠፍ ክልክል ነው ይላል» አሉ።

«አንብቤዋለሁ።»

«ታጥፈሃል እኮ።»

በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ስታረም ደስ ብሎኝ አያውቅም። ኪኒኑ መቆሙ ይሁን፣ ጉበቱ ይሁን፣ ጭቅጭቁ ይሁን እንጃ። አውቃለሁ የሚል ካለ ይንገረኝ።

ፋሲካ አለፈና ነርሷ መጣች። ባለቤቴም ወረደች። ሽማግሌው ጀመሩ። ኤርፖርቱን አሉ፣ ዊልቸሩን አሉ፣ «ከዚያ አሮጊቷን ይዟት የፒዛ ሽታ ተከትሎ ሄደ» አሉ። የእኔ ልብ ቆመ። እሳቸው አልቆሙም። አሮጊቷ አረንጓዴ ባርኔጣ እንደነበራቸው፣ ለጉብኝቱ አመስግነው ጉርሻ እንደሰጡኝ፣ ያንን እኔ ራሴ የረሳሁትን ሁሉ ተናገሩ። «ሊከር» ብዬ ሳነብ ከሱቁ የወጣ ሰካራም እንዳጨበጨበልኝም አስታወሱ። ባለቤቴ ይህን ሰምታ አታውቅም ነበር፤ እስካሁን በዚህ ታሾፍብኛለች።

እዚያ ላይ መጨረስ ይችሉ ነበር። ግን ማንም ሳይጠይቃቸው ቀጠሉ። «ሆስፒታሉ በር ላይ አወረድኳት። ኮቷን አስተካከልኩላት። ቦታ ፍለጋ ሄድኩ።»

ነርሷም፣ «አሁን የቆሙት ጠፍቶብዎት ነው?» አለች።

«አይደለም። እዚህ ጋ ሁሉም ትዝ ይለኛል።»

«ይህ እንግዲህ ሐዘን ነው» አለች። «ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ።»

ቅዳሜ እኔ ማድቤት ቁጭ እንድል ተፈቀደልኝ፣ እንዳልናገር ተነግሮኝ። ከበሩ ወዲያ ለረጅም ጊዜ ምንም የለም። ከዚያ ሳቅ መጣ፣ ከዚያ ልቅሶ፣ የሚያስፈራ ያልሆነ፣ ዝናብ እንደሚወርድ ዓይነት። ከዚያ እንደገና ሳቅ። ምን እንዳዩ አልነገሩኝም፤ አልጠየቅኳቸውም። ከሰዓት በኋላ በራቸውን ከፍተው ወጡና፣ «ፕሮፌሰር፣ እንቁላል አለ?» አሉ። እኔም ጀርባዬን ሰጥቻቸው እንቁላል ሰበርኩ። ዓይኔን ያስለቀሰው ሽንኩርቱ ነው። ሽንኩርት ግን አልከተፍኩም ነበር።

በማግስቱ ዳግማይ ትንሣኤ ነው። ባለቤቴ ዶሮ ሠርታ ነርሷንም፣ የላይኛዋንም ጠራች። ለስላሳ አልቆ ነበርና ሽማግሌውን ይዤ በባለቤቴ መኪና ሄደን ገዝተን ተመለስን። ሕንፃው ፊት ለፊት በሁለት መኪኖች መሀል አንዲት ጠባብ ቦታ ብቻ ቀርታለች።

«ውረድ» አሉኝ።

«እ?»

«ውረድ። እኔ ፓርክ አደርጋለሁ።»

ወረድኩ። ለስላሳውን ታቅፌ ቆምኩ። ሽማግሌው ወደ መሪው ተሻገሩ። ወደ ኋላ ሄዱ፣ አልገባም። ወደ ፊት፣ እንደገና ወደ ኋላ። የላይኛዋ ሴት ከሰገነቷ አየችና የአዲስ አበባ መኪና ጠባቂ ሆነች። «ና፣ ና፣ ና፣ ወደ ቀኝ አዙረው፣ አዙረው፣ ቁም» ትላለች በአማርኛ። ባለቤቴ ወጥታ፣ «ኧረ በግራ ይበሉ፣ አባባ» አለች። ነርሷ አጨበጨበች። ሽማግሌው አንዱንም ቃል አያውቁም፤ ሁሉንም ይታዘዛሉ። እኔ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው።

በመጨረሻ መኪናዋ ገባች። ሞተሩን አጠፉ። ትንሽ ተቀመጡ። ከዚያ ወርደው ቁልፉን እጄ ላይ አኖሩ።

«ፓርክ ማድረግ ይህን ያህል ነው የሚፈጀው» አሉኝ። «ማንም ቢሆን ከዚህ አያፈጥነውም።»

«አያፈጥነውም» አልኳቸው።

ከላይ፣ ወጡ ቀዘቀዘ የሚል ጩኸት መጣ። ሽማግሌው እኔን ሳይጠብቁኝ ቀድመው ገቡ።