የበረንዳው ጉርሻ

በረኪና ሲሸተው ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይይዛል፤ እኔን ግን ይርበኛል። ዛሬም ኦክላንድ ያለውን የቤታችንን ሻወር በበረኪና ሳጥብ ሽታው ሲመጣብኝ ዐሥር ዓመቴ ላይ ተመልሼ ቁጭ አልኩ።

ኮሮና የገባ ሰሞን ነው። እማዬ የምትሠራው አረጋውያን መጦሪያ ነበር። ካምቤል የሚባል ከተማ ያለችው አክስቴ ግን ሥራዋ ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ ከቤት አትወጣም። አንድ ቀን ስልኩ ስፒከር ላይ ሆኖ፣ «አንቺስ ለምን ቤት ሆነሽ አትሠሪም? ልጅ አለሽ እኮ!» አለቻት።

እማዬ ሳቀች። «ሽማግሌ በኮምፒውተር ይታጠባል እንዴ?»

ሳሙና የተቀባ ሽማግሌ ስክሪኑ ውስጥ ታየኝና እኔም ሳቅኩ። አክስቴ ግን ወሬ ቀየረች። ለምን እንደቀየረች ያኔ አልገባኝም።

እማዬ ከሥራ የምትመጣው በረኪና በረኪና እየሸተተች ነው። ያለችን አንዲት ክፍል ስለሆነች፣ በሽታውን እንዳታስይዘኝ ብላ በረንዳ ላይ ትበላለች፤ እኔ ከበረንዳው በር መስታወት ወዲህ። አንድ ቀን በሽሮ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለችና መስታወቱ ጋ አስጠጋችልኝ። አፌን ከፈትኩ። ራሷ ጎረሰችው!

«ያንቺን ጎረስኩልሽ» አለች፣ አፏ እንደሞላ።

«ማሚ፣ ኖት ፌር!» ብዬ መስታወቱን ደበደብኩት። ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን።

አሁን ሻወሩን እያጠብኩ የእማዬ ቁልፍ በሩ ላይ ሲንቀጫቀጭ ሰማሁ። ጓንቴን ሳላወልቅ ሄጄ አፌን ከፈትኩላት። ምን ሆንሽ ብላ አልጠየቀችኝም።

«ቆይ፣ እጄን ልታጠብ» አለች።