የላስቲክ ትልና የዓሣዋ ድስት

ጓደኛዬ ክርስቲያን ነበር፤ እኔ እስላም ነኝ። እዚህ መርሳ ከልጅነታችን እስከ ሽበታችን አልተለያየንም። ሥጋ ግን አብረን በልተን አናውቅም። እሱ የኔን እርድ አይበላም፣ እኔም የሱን አልበላም። የአገሩ ወግ ነው፤ ቅያሜ የለበትም። ዓሣ ግን አይታረድም። ቢስሚላህም በስመ አብም ሳይባልበት ከውሃ ወጥቶ ይሞታል። ስለዚህ ገና ጎረምሶች ሳለን አንዲት የሸክላ ድስት ገዛን። ሥጋ ገብቶባት አያውቅም። የሱም ቤት የኔም ቤት ሴቶች አይነኳትም። የዓሣ ድስት ናት፣ የሁለታችን ናት። እኔ ቤት ከጎተራው ሥር ትቀመጥ ነበር።

እሱ "ሐጂ" ይለኛል፤ መካን ያየሁት ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ሥዕል ብቻ ነው። እኔም "መምሬ" እለዋለሁ፤ ዳዊት እንኳ ደግሞ አያውቅም።

ባለፈው በጋ መጀመሪያ እግሩ አበጠ፣ ቀጥሎ ሆዱ። እህል አልወርድ አለው። ሴት ልጁ ከወልድያ መጥታ "ዓርብ ሆስፒታል ወስጄ አስተኛቸዋለሁ" አለች። ሰኞ ዕለት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥሁ።

"መምሬ፣ ምን ያምርሃል?"

"ምንም።"

ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ፣ "ያችን ድስት ካመጣሃት ግን እሞክራለሁ" አለኝ።

"እስከ ሐሙስ ታያታለህ፣ ኢንሻአላህ" አልሁት። ዓሣውን ሳልይዝ ቃሌን ሰጠሁ።

በበጋ ወንዛችን ወንዝ አይባልም። ውሃውን በየፓምፑ ወደ ሽንኩርት ማሳ ይስቡታል፤ ከድልድዩ በታች አንድ ኩሬ ብቻ ይቀራል። እዚያ አምባዛ ሞልቷል። አምባዛ ደግሞ ቅርፊት ስለሌለው ጓደኛዬ አይበላውም፤ ሃይማኖቱ አይፈቅድለትም። ባለ ቅርፊቱን ልያዝ ብዬ መንጠቆዬ ላይ ትል ካደረግሁ፣ አምባዛው ሽታውን ተከትሎ ይቀድመዋል። ማክሰኞ ጠዋት ሦስት አምባዛ አውጥቼ ሦስቱንም መልሼ ለቀቅኋቸው።

ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ካቻምና ሲሪንቃ ለሥራ የመጣ አንድ እንግዳ እሑድ እሑድ እዚያ ኩሬ ዳር ይቀመጥ ነበር። መንጠቆው ላይ ትል አያደርግም። ጭንቅላቷ እርሳስ የሆነች፣ ቀይ የላስቲክ ትል ነበረችው። "አባባ፣ አምባዛ በአፍንጫው ነው የሚያድነው፤ ባለ ቅርፊቱ ግን በዓይኑ ነው። ይቺ ሽታ የላትም፣ ስትወዛወዝ ግን ትታያለች" አለኝ። ሲሄድ አንዷን ሰጠኝ። ዓሣ ጭራዋን ቦጭቆባት በክብሪት ቀፎ አስቀምጫት ነበር።

እንግዲህ መሥራት ነው። የተቦጨቀ ጭራዋን በሻማ ሠም ጠገንሁና በጥብጬ ባዘጋጀሁት ጄሶ ላይ አተምኋት፤ ቅርጿ ወጣ። እርሳሱን ከጎሚስታው ለመንሁት፤ ጎማ ላይ የሚለጠፉትን ቁርጥራጮች ሰጠኝ። በሳርዲን ቆርቆሮ ከሰል ላይ አቅልጬ፣ መንጠቆው በተጋደመበት የሸክላ ጭቃ ውስጥ አፈሰስሁት። እርሳሱ ቶሎ እሺ አለኝ። ላስቲኩ ነው እምቢ ያለው። የጀሪካን ስባሪ ባቀልጥ እንደ አጥንት ደረቀ።

ማታ ይህን ለጓደኛዬ ስነግረው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያ አልጋው ሥር በእጁ ጠቆመኝ፤ ቀዩ ኮንጎ ጫማው አለ።

"ውሰደው። ለስላሳ ነው። እግሬ ከእንግዲህ አይገባበትም።"

"በቁም ያለ ሰው ጫማ አይቃጠልም፤ ገደቢስ ነው።"

"ውሰድ አልሁህ ሐጂ! ወይስ ለቀብሬ ልታጠልቀው ነው?"

ወሰድሁት። የሳርዲኑ ቆርቆሮ ግን ስስ ነውና ላስቲኩን ከሥር አሳረረው። የጫማው ግማሽ በከንቱ ሄደ። ምራቴን ድስት ለመንኋት።

"አባባ፣ ወላሂ በኔ ድስት ጫማ አይቀቀልም! ሰው ምን ይለናል?"

እውነቷን ነው። ዓይኔ ከጎተራው ሥር አረፈ። ሸክላ ቀስ ብሎ ነው የሚግለው፣ አያሳርርም። ድስቷም የማንም ሴት አይደለችም፣ የሚቆጣኝ የለም። ደግሞስ ለራሷ ዓሣ አይደለም የምደክመው? እንዲህ አሰብሁ። የቀረውን ጫማ ከትፌ ጨመርሁባት፣ ጠብታ ዘይት አደረግሁበት፣ በእንጨት አማሰልሁ። ጭሱ ጉሮሮዬን ቧጠጠው፣ ዓይኔን አስለቀሰው። ባለ እርሳሱን መንጠቆ በጄሶው ቅርጽ ውስጥ እያጋደምሁ ባፈስሰው ስድስት ትል ወጣልኝ። አንዷን በጭራዋ ይዤ ስነቀንቃት በሕይወት ያለች መሰለች። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።

ድስቷን በአመድ፣ በሎሚ፣ በአሸዋ አጠብኋት። አፍንጫዬን አስጠግቼ አሸተትሁ፤ ምንም የለም። ከቀን እስከ ሌሊት ጭስ የጠጣ አፍንጫ መሆኑን አላሰብሁም።

ረቡዕ ሙሉ ቀን ኩሬው ዳር ውዬ ምንም አልያዝሁም፤ አንዷን ትል ድንጋይ ወሰደብኝ። እንግዳው እንዳለኝም አምባዛው ዞር ብሎ አላያትም። ሐሙስ ረፋዱ ላይ ክሩ ተሳበ። አወጣሁት። ባለ ቅርፊት! ክንድ አይሞላም፣ ግን ቅርፊቱ ፀሐይ ላይ እንደ ሳንቲም ያበራል። አልሐምዱሊላህ እያልሁ ድስቷን ይዤ ወደሱ ቤት ሄድሁና እዚያው ግቢው ውስጥ በሽንኩርትና በቃሪያ ቀቀልሁት።

ልጁ ደግፋ አስቀመጠችው። መጀመሪያ የጎረሰው እሱ ነው። አፉን ያዝ አደረገ። እኔ ፊቱን አያለሁ።

"ምነው?"

"ጨው አንሶታል" አለ። ዋጠው። ደገመ።

ደስ ብሎኝ እኔም ጎረስሁ። ሥጋው ሁሉ ጫማ፣ ጫማ ይላል፤ የተቃጠለ ላስቲክ። አፌ ውስጥ ያለውን መትፋትም መዋጥም አቃተኝ። ድስቷ ጠጥታው ኖሯል። ሳህኑን ልነሳው እጄን ብሰድ ያዘኝ። እጁ ቀዝቅዞ ነበር።

"ተወኝ። የገዛ ጫማዬ ነው፣ አንተን ምን አገባህ?"

ሳቀ፤ ልጁም ሳቀች። እኔ መሳቅ አልቻልሁም። አምስት ጉርሻ ጎረሰ፤ ቆጥሬያለሁ። ስድስተኛውን በእጁ እንደያዘ ደከመውና ተኛ።

ዓርብ ወልድያ ወሰዱት። ከሁለት ሳምንት በኋላ አስከሬኑ መጣ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆሜ ቀበርሁት። ለተዝካሩ ቤተሰቡ ለእኛ ለእስላሞች ለብቻ ዳስ ጣሉልን፣ ከኛው ሰው አንዱ በግ አረደልን። ወጉን አሳምረው ጠብቀውልናል። በላሁ። ወጡ ጨው አላነሰውም።

ድስቷን ምራቴ "ዛሬም ትሸታለች" ብላ ደጅ አውጥታታለች፤ ዶሮዎች ውሃ ይጠጡባታል። እንዳትሰብራት ብቻ ለምኛታለሁ። አንዳንዴ ጎንበስ ብዬ አሸታታለሁ። አንዳንድ ቀን ጫማው ይሸተኛል። አንዳንድ ቀን ምንም አይሸተኝም፤ የዚያን ቀን ይብስብኛል።